ሁለት ዓይነት ‹‹የለም››

እስቲ የምሥራቅ አፍሪካን ካርታ አውጡና ሁለት ቦታ ላይ ነጥብ አድርጉበት። የመጀመሪያው ነጥብ ኬንያ ውስጥ፣ ማሊንዲ ከተማ አጠገብ፣ የሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ላይ ይሁን። ሁለተኛው ዋጃ ላይ። ዋጃን ለማታውቋት፦ ከወልዲያ ወደ መቀሌ የሚሄድ መኪና ቆቦን ካለፈ በኋላ፣ አላማጣ ሳይደርስ የሚያገኛት የራያ ሜዳ የመንገድ ዳር ከተማ ናት። ሁለቱን ነጥቦች በማስመሪያ ብታገናኟቸው መስመሩ ከሞላ ጎደል ቀጥ ብሎ ከደቡብ ወደ ሰሜን ይወጣል። ርቀቱ ወደ 1,700 ኪሎ ሜትር ነው።

በ1965 ዓ.ም. በሁለቱም ነጥቦች ላይ ታሪክ ተሠርቷል። አንዱ ታሪክ የሳይንስ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል፤ ሌላው የረሃብ መጽሐፍ ውስጥ። የሁለቱ መጻሕፍት አንባቢዎች እምብዛም አይገናኙም። እኔ ግን ዛሬ ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው ነው፤ ምክንያቱም በሁለቱም ውስጥ አንድ ቃል አለ። ቃሉ ‹‹የለም›› ነው።

(ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ። የፈረንጁን ስጠቀም እ.ኤ.አ. እላለሁ።)

ከባሕር ላይ የተተኮሰችው

በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሉዊጂ ብሮሊዮ የተባለ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ማሊንዲ አጠገብ ባሕሩ ላይ በብረት እግሮች የቆመ የሮኬት መተኮሻ አቋቋመ። ስሙ ‹‹ሳን ማርኮ›› ነበር። ጣሊያኖች ያን ሁሉ ባሕር አቋርጠው የመጡት ለሽርሽር አይደለም። ቦታው የምድር ወገብ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ ተተኩሳ የምድርን ወገብ እየተከተለች የምትዞር ሳተላይት፣ በሌላ መስመር የሚዞሩት የሚያጋጥማቸውን የጨረር ረብሻ አብዛኛውን ታመልጣለች። ስስ ነገር መለካት ለሚፈልግ መሣሪያ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሰርግ ቤት ውስጥ ሹክሹክታ ለመስማት ከመሞከር ይልቅ ወደ ጓሮ እንደመውጣት ያለ።

አሜሪካኖችም ይህን አይተው ቦታውን ተጠቀሙበት። ታኅሣሥ 3 ቀን 1963 ዓ.ም. ሰማይን በኤክስሬይ የምታይ የመጀመሪያዋን ሳተላይት ከሳን ማርኮ አስወነጨፉ። ዕለቱ የኬንያ የነፃነት በዓል ስለነበረ የፕሮጀክቱ ኃላፊ ማርጆሪ ታውንሴንድ ‹‹ኡሁሩ›› አለቻት። በስዋሂሊ ነፃነት ማለት ነው። (አዎ፣ ኃላፊዋ ሴት ነበረች። በ1970 እ.ኤ.አ.፣ በናሳ። ይህን በቅንፍ ውስጥ ማለፌ ራሱ ያናድደኛል።)

የእኛን ጉዳይ የምታነሳው ግን ታናሽ እህቷ ናት። ኅዳር 6 ቀን 1965 ዓ.ም. (ኖቬምበር 15, 1972) ምሽት፣ በግሪኒች ሰዓት፣ ‹‹ሳስ-2›› የተባለች ሳተላይት ከዚያው መድረክ ተነሳች። ክብደቷ 185 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሁለት ኩንታል አትሞላም። ሥራዋ አንድ ነበር፦ የጋማ ጨረርን ሰማይ ካርታ ማንሳት።

አንድ በአንድ መቁጠር

ብርሃን ማለት ዓይናችን የሚያየው ብቻ አይደለም። የሬዲዮ ሞገድም ብርሃን ነው፤ ሐኪም ቤት አጥንት የሚነሳበት ኤክስሬይም ብርሃን ነው። ጋማ ጨረር የዚህ ቤተሰብ ጉልበተኛው ልጅ ነው። ሳስ-2 የምትፈልጋቸው የጋማ ፎቶኖች እያንዳንዳቸው ዓይን ከሚያየው ብርሃን ፎቶን ከአስር ሚሊዮን እጥፍ በላይ ኃይል አላቸው። የሚመጡት ሰማዩ ከተቆጣበት ቦታ ነው፤ ከፈነዳ ኮከብ ቅሪት፣ ከጥቁር ጉድጓድ ዙሪያ፣ በፍኖተ ሐሊብ ውስጥ የሚበሩ ቅንጣቶች ከጋዝ ጋር ከሚጋጩበት ሥፍራ።

ደግነቱ ለእኛ ጤና፣ ክፋቱ ለሥነ ፈለክ፣ የምድር አየር ያግዳቸዋል። ስለዚህ እነሱን በቀጥታ ለመያዝ መሣሪያውን ከአየሩ በላይ ማውጣት ግድ ነው። ወጥቶም አያልቅም። ጋማን መስታወት አይመልሰውም፣ ሌንስም አይሰበስበውም። ሳይንቲስቶቹ ያገኙት ዘዴ ወጥመድ ነው። ስስ የብረት ሳህኖች ይደረደራሉ። ፎቶኑ ብረቱን ሲመታ ይጠፋና በምትኩ ሁለት ቅንጣቶች ይወለዳሉ፤ ኤሌክትሮንና ተቃራኒው ፖዚትሮን። ሁለቱ በሳህኖቹ መካከል ሲያልፉ ብልጭ ብልጭ የሚል ዱካ ይተዋሉ። ዱካውን ወደኋላ ከተከተላችሁት ፎቶኑ ከየትኛው የሰማይ አቅጣጫ እንደመጣ ትደርሱበታላችሁ።

ጠፈር ውስጥ ደግሞ አስመሳዩ ብዙ ነው። ኤሌክትሪክ ያላቸው ሌሎች ቅንጣቶች ከጋማ ፎቶን በብዙ ሺህ እጥፍ ይበዛሉ፤ እነሱም መሣሪያውን ያልፉታል። ስለዚህ ወጥመዱ ላይ እንደ ጉልላት የፕላስቲክ ክዳን ተደፋበት። ክዳኑን ሲያልፍ ምልክት የሰጠ ሁሉ አስመሳይ ነው፤ አይቆጠርም። ምልክት ሳይሰጥ ገብቶ ውስጥ ዱካ የተወው እሱ ጋማ ነው፤ ይቆጠራል።

ቆጠራው ምን ያህል አድካሚ እንደነበር ቁጥሮቹ ይናገራሉ። በ1961 እ.ኤ.አ. የተላከችው ኤክስፕሎረር 11 በሕይወት ዘመኗ ለቅማ ያገኘችው 22 ጋማ ፎቶን ነው። ኃያ ሁለት! በ1967 እ.ኤ.አ. የተላከችው ኦኤስኦ-3 621 አገኘች። በካርል ፊክተል የሚመራው የጎዳርድ ማዕከል ቡድን በሳስ-2 የሰበሰበው ወደ 8,000 ይደርሳል። ከሰማዩ ውስጥ 55 በመቶ ያህሉ ታየ። ፍኖተ ሐሊብ በጋማ ብርሃን ምን እንደሚመስል በደንብ የታየው ያኔ ነው። ሰኔ 1 ቀን 1965 ዓ.ም. የሳተላይቷ የኃይል ክፍል ተበላሸና ሥራዋ በሰባት ወሯ አበቃ።

ከኅዳር እስከ ሰኔ፣ 1965 ዓ.ም. እነዚህን ወራት ያዙልኝ።

በዚያው ሰማይ ሥር

ሳስ-2 ምድርን አንዴ ለመዞር የሚፈጅባት 95 ደቂቃ ያህል ነበር። በሰባት ወር ውስጥ ከሦስት ሺህ ጊዜ በላይ ዞራለች ማለት ነው። ጎዳናዋ የምድር ወገብን ስለሚከተል ኢትዮጵያ አናት ላይ አላለፈችም። ነገር ግን ከፍታዋን ይዛችሁ ብታሰሉት፣ ከዋጃ ሜዳ ወደ ደቡብ ለሚያይ ሰው በእያንዳንዱ ዙር ከአድማሱ ትንሽ ከፍ ብላ ነበር የምትሻገረው። ማንም አላያትም። እሷም ማንንም አላየችም፤ የተሠራችው ወደ ላይ እንድታይ ነው።

ከሥር ምን ነበር? የ1964 ክረምት ወሎ ላይ ከድቶ ነበር። ቀጥሎ የ1965 በልግም ከዳ። የራያና ቆቦ ቆላ ገበሬ የሚኖረው በማሽላው፣ በከብቱ፣ ከምዕራብ ተራሮች ወርዶ ማሳው ላይ በሚጠልፈው ጎርፍ ነው። ተራራው ላይ ካልዘነበ ጎርፉም የለም። ማሽላው ሲጠፋ ገበሬው በሬውን ለገበያ ያወጣል። ሁሉም በአንድ ጊዜ በሬውን ሲያወጣ የበሬ ዋጋ ይወድቃል። በሬው በወደቀ ዋጋ ከተሸጠ በኋላ የሚቀረው ነገር መንገድ ነው።

መንገዱ ደግሞ ዋናው አውራ ጎዳና ነበር፤ ከአዲስ አበባ በደሴ፣ በወልዲያ፣ በቆቦ፣ በዋጃ፣ በአላማጣ አድርጎ አሥመራ የሚገባው። በ1965 አጋማሽ ላይ የወሎ ሰዎች በዚህ ጎዳና ግራና ቀኝ ተሰልፈው አውቶቡስና መኪና እያስቆሙ የሚበላ ይለምኑ እንደነበር አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የድህነትና የረሃብ ጥናቱ ላይ ጽፏል። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ ሳስ-2 በተተኮሰች ማግስት በሚባልበት በዲሴምበር 1972፣ ከወሎ የተሰደዱ አንድ ሺህ ያህል ሰዎች አዲስ አበባ ዳርቻ ደርሰው ቀይ መስቀል ሊረዳቸው ይሞክር ነበር።

ሴን ያገኘው ሌላም ነገር አለ፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። በዚያ ዓመት በአገር ደረጃ የሚበላ እህል ያን ያህል አልጎደለም። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ብዙም አልናረም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ዋጋ የሚንረው ገዢ ሲሻማ ነው፣ የወሎ ገበሬ ግን የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። ጎዳናው ላይ እህል የጫነ መኪና ማለፍ ይችል ነበር፤ ዳር ለቆመው ሰው ግን አይቆምም። ረሃቡ የዝናብ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። የጂኦግራፊው ምሁር ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያምም ከ1958 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ያለውን የአገራችንን ረሃብ ያጠኑበት መጽሐፋቸው ጣቱን የሚቀስረው ገበሬው ላይ ወደተጫነው ሥርዓት ነው።

መንግሥትስ? መንግሥት ያውቅ ነበር። ከአውራጃ ወደ ጠቅላይ ግዛት፣ ከጠቅላይ ግዛት ወደ አዲስ አበባ ወረቀት ይሄዳል። ግን የአገር ገጽታ አለ፤ የንጉሠ ነገሥቱ ክብር አለ። ነገሩ በአደባባይ እንዳይወጣ ተደረገ። የውጭ እርዳታ ድርጅቶችም ባለቤቱ ዝም ሲል አብረው ዝም አሉ። ‹‹ረሃብ የለም›› የሚል አዋጅ ማንበብ አላስፈለገም። ዝምታው ራሱ ‹‹የለም›› ማለት ነበር።

በሚያዝያ 1965 የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያነሱትን ፎቶግራፍ ይዘው ተመልሰው ግቢ ውስጥ አሳዩት። ለከተማው ወጣት ‹‹የለም›› የተባለው ነገር ፊት አወጣ። ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየና ዓለም ሰማ። የፊልሙን ርዕስ ልብ በሉልኝ፤ ‹‹ያልታወቀው ረሃብ››። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ ይህንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እያፈራረቀ ለአዲስ አበባ አሳየ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ።

ስንት ሰው ሞተ? እዚህ ላይ ነው እስክሪብቶዬ የሚቆመው። ዝቅተኛው ግምት 40 ሺህ አካባቢ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ከፍተኛው ግምት 200 ሺህ ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 160 ሺህ ሰው ነው። ይህ የሂሳብ ስህተት አይደለም፤ ማንም አልቆጠራቸውም። ከሕንድ ውቅያኖስ የተነሳችው ሳተላይት ከብርሃን ዘመናት ርቀት የመጡ 8,000 ፎቶኖችን አንድ በአንድ፣ ከነአቅጣጫቸው፣ ከነሰዓታቸው መዘገበች። በዋጃ ጎዳና ያለፈው ሰው ግን ስሙም ቁጥሩም አልተያዘም።

ይህን የምለው ሳይንሱን ለመክሰስ አይደለም። ‹‹ለጠፈር የሚወጣው ገንዘብ ለድሃ ቢሰጥ ኖሮ…›› የሚለውን ክርክር እናንተም ጠግባችሁታል። ወሎን የገደለው የሳስ-2 በጀት አይደለም። እኔ የማወራው ስለ አሠራር ነው፤ አንድ ነገር ‹‹የለም›› ሲባል ቀጥሎ ምን ይደረጋል ስለሚለው።

ጌሚንጋ

ሳስ-2 ከለቀመቻቸው ፎቶኖች ውስጥ ጥቂቶቹ እንግዳ ነበሩ። የሚመጡት አውደ ነገሥት ገላጮች ‹‹ገውዝ››፣ ፈረንጆቹ ጌሚኒ ከሚሉት የኮከብ ስብስብ አቅጣጫ ነው። ሌሎቹ ጠንካራ የጋማ ምንጮች ባለቤት ተገኘላቸው፤ አንዱ የክራብ ፐልሳር፣ ሌላው የቬላ ፐልሳር ነበር። ለዚህኛው ግን ባለቤት ታጣ። በሬዲዮ ቢፈለግ የሚታወቅ ነገር አልተገኘም። በተራ ቴሌስኮፕ ቢፈለግም ያው። የሳስ-2 ዓይን ደግሞ ያን ያህል የጠራ አልነበረም፤ ‹‹እዚህ አካባቢ ነው›› ከማለት አልፋ ‹‹ይኸውላችሁ›› ማለት አትችልም።

ጆቫኒ ቢኛሚ የተባለ የሚላን ሰው ታዲያ ስም አወጣለት፤ ‹‹ጌሚንጋ››። የጌሚኒ ጋማ ለማለት ይመስላል፤ ነውም። ግን በሚላን አካባቢ የጣሊያንኛ ዘዬ ሲነበብ ሌላ ትርጉም አለው፤ ‹‹የለም›› ማለት ነው። ሰምና ወርቅ ጣሊያኖችም ጋ አለ!

አሁን ካርታችሁን እንደገና አውጡ፤ በዚህኛው ዙር የሰማዩን። ጌሚንጋ ያለበት ቦታ በታኅሣሥ መጨረሻና በጥር መጀመሪያ እኩለ ሌሊት ላይ ለዋጃ ሰው አናት ላይ ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። ማለትም በ1965 ጥር፣ ሜዳ ላይ ያደረ ሰው ወደ ላይ ቢያይ፣ ‹‹የለም›› የተባለው ኮከብ ቀጥ ብሎ በላዩ ያልፋል። ከሥሩም ‹‹የለም›› የተባለ ሰው ተኝቷል።

ልዩነቱ ከዚህ ይጀምራል። ሳይንቲስቶቹ ‹‹የለም›› ብለው ፋይሉን አልዘጉም። እንዲያውም ‹‹የለም››ን የነገሩ ስም አደረጉትና ዝርዝር ላይ ጻፉት፤ ‹‹ምን እንደሆነ አላወቅንም፣ ግን ፎቶኖቹ እነኚህ ናቸው›› ብለው። በ1975 እ.ኤ.አ. የተላከችው የአውሮፓዊያን ኮስ-ቢ ጌሚንጋን እንደገና አየችና ስህተት እንዳልነበረ አረጋገጠች። በ1980ዎቹ በኤክስሬይ አንድ ደካማ ነጥብ ተገኘ። ቀጥሎ እጅግ የደበዘዘች የምትመስል ኮከብ ታየች። በ1992 እ.ኤ.አ. ሮሳት የተባለችው የኤክስሬይ ሳተላይት መልሱን አመጣች፤ ነጥቡ በየ0.237 ሰከንዱ ይመታል። ጌሚንጋ ፐልሳር ነው። በሰከንድ ከአራት ጊዜ በላይ የሚሽከረከር፣ የከተማ ያህል ስፋት ያለው፣ የሞተ ኮከብ እምብርት። ርቀቱ 800 የብርሃን ዓመት ያህል። ከ300 ሺህ ዓመት በፊት ፈንድቶ የቀረ።

የታሪኩ ምርጥ ክፍል ደግሞ ይህ ነው። የምቱ ልክ ከታወቀ በኋላ አንድ ቡድን የሳስ-2ን የድሮ መዝገብ ከሃያ ዓመት በኋላ አወጣ። በ1965 ዓ.ም. የተለቀሙትን ፎቶኖች ሰዓታቸውን እያየ በዚያ ምት ልክ ደረደራቸው። ገጠመ! መልሱ ከመጀመሪያውም መዝገቡ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ሊገኝ የቻለው የእያንዳንዷ ፎቶን ሰዓት ተጽፎ ስለነበረና መዝገቡን የጣለው ሰው ስላልነበረ ነው።

አንዱ ‹‹የለም›› ‹‹ገና አላገኘነውም፣ ፍለጋው ይቀጥላል›› ማለት ነበር። ሌላው ‹‹አትፈልጉት›› ማለት ነበር።

የሁለተኛው ዙር

የኛው ‹‹የለም›› አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ። በንጉሡ ዝምታ ሥልጣን በያዘው ደርግ ዘመን እርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን የሚባል መሥሪያ ቤት ነበር፤ ጥሩ ነገር ነበር። ኮሚሽኑ በ1976 ዓ.ም. ‹‹ረሃብ እየመጣ ነው›› ብሎ አስጠነቀቀ። መስከረም 1977 ላይ ግን አዲስ አበባ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት ስታከብር ነበር። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን የሠሩት ዘገባ በቢቢሲ ታየ። ዘገባው ዓለምን ያስለቀሰባት ኮረም የዋጃ ጎረቤት ናት፤ አላማጣ ደርሳችሁ ጠመዝማዛውን አቀበት ስትወጡ ታገኟታላችሁ። ያው ጎዳና፣ ያው ሕዝብ፣ 12 ዓመት ብቻ።

ዛሬ ነገሩ የተለወጠ ይመስላል። ሳተላይት ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም ታያለች። ከ77ቱ ረሃብ በኋላ፣ በ1985 እ.ኤ.አ. አሜሪካኖች ረሃብን ቀድሞ የሚያስጠነቅቅ መረብ አቋቋሙ፤ የዝናቡንና የእርሻውን አረንጓዴነት ከጠፈር ይከታተላል። እኛም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን ሳተላይታችንን ከቻይና አስወንጭፈናል፤ ዋና ሥራዋ እርሻና አካባቢን ማየት ነበር። የራያ ማሽላ መድረቁን ለማወቅ ዛሬ ጎዳና ዳር ሰው እስኪሰለፍ መጠበቅ አያስፈልግም።

ግን መሣሪያ ብቻውን አይበቃም። የአሜሪካኑ መረብ በጃንዋሪ 2025 እ.ኤ.አ. በጀቱ ታገደና ድረ ገጹ ለወራት ተዘጋ። ሳተላይቶቹ ሰማይ ላይ እንዳሉ የሚያነብላቸው ጠፋ። ዓይን መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ ያየውን የሚጽፍ፣ የጻፈውንም በአደባባይ የሚያወጣ መኖሩ ሌላ። በ1965ም ቢሆን የጎደለው ዓይን አልነበረም፤ በዋጃ ያለፈ ሹፌር ሁሉ አይቷል።

የጋማ ሳይንቲስቶች ዛሬም በድሮው አሠራራቸው ላይ ናቸው። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ የቆየው ፌርሚ የተባለ የጠፈር ቴሌስኮፕ በስምንት ዓመት መረጃ ያወጣው ዝርዝር ከ5,000 በላይ የጋማ ምንጮች አሉት። ከእነዚህ ውስጥ ከ1,300 በላይ የሚሆኑት ምን እንደሆኑ ያኔ አልታወቀም ነበር። አልደበቋቸውም። ከሌሎቹ ጋር እኩል ቁጥርና አድራሻ ሰጥተው አተሟቸው፤ ነገ አንዱ ወጣት መጥቶ እንዲፈልጋቸው።

እኛ ከ65ቱ ረሃብ ይህን ያህል እንኳ የለንም። የዚያን ዓመት ልጆች የነበሩ የራያ ሰዎች ግን ዛሬ ስልሳ ዓመት ገደማ ሆኗቸው በሕይወት አሉ። ቆቦ ውስጥ፣ ዋጃ ውስጥ፣ ምናልባትም እናንተው ቤት ውስጥ። ማን እንደሞተ፣ በየት በኩል እንደሄዱ፣ በሬው በስንት እንደተሸጠ ያስታውሳሉ። ጽሑፍ የምንሞክር፣ ስልካችን ድምፅ የሚቀዳ ልጆች ነን። የሳስ-2 መዝገብ ሃያ ዓመት ቆይቶ ተናግሯል፤ የእነሱ መዝገብ ግን ወረቀት ላይ አይደለም፣ ከእነሱ ጋር ነው የሚሄደው። ጠይቋቸው፤ ከነቀኑና ከነቦታው ጻፉት።